«ዓርብ ሌሊት» መቼ ነው? የኢንተርንሽፔ ስድስተኛ ሳምንት

የክፍል ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? ቃል በገባሁት መሠረት የስድስተኛውን ሳምንት ይዤ መጥቻለሁ። ላልሰማችሁ፣ የምለማመደው ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ፣ ውሃ የሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው። የማወራው የራሴን ጥፋት ስለሆነ የቤቱንም የከተማዋንም ስም አልጠራም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራዬ ፎንት መቀየር ነበር ብል አላጋነንኩም። የድሮው ማስታወቂያ ሁሉ በፓወር ግዕዝ ነው የተጻፈው። ኮፒ አድርጌ ፌስቡክ ላይ ስለጥፈው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተዘባርቆ ወጣ። ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት መስሎኝ ላብ በላብ ሆንኩ። ለካ ፓወር ግዕዝ የእኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ነው የሚስለው፤ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ የሚታየው ላቲኑ ነው። ዩኒኮድ ግን ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ስለሰጠው የትም ይነበባል። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፣ ግን አልፎ አልፎ ፊደል ይስታልና ከቀየራችሁ በኋላ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ።

ረቡዕ ከሰዓት የጥገና ክፍሉ ሰው ደወለና «ዋናው መስመር ዓርብ ሌሊት ይዘጋል፣ ማስታወቂያ አውጪ» አለኝ። እኔም «ዓርብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ውሃ ይቋረጣል» ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ ሞንታርቦ የተጫነባት መኪና ቀኑን ሙሉ ከተማውን ስትዞር ዋለች። ድምፁ የእኔ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ ስገባ ስልኩ ይጮኻል። ለካ ውሃው የተዘጋው ሐሙስ ሌሊት ነው።

«ልጄ፣ በሞንታርቦ ዓርብ ሌሊት ያልሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ አንዲት እናት። «ዛሬ እኮ ጁምዓ ነው። ለውዱእ የሚሆን አንድ ጆግ ውሃ እቤቴ የለም።»

«አፉ ይበሉኝ እማማ» አልኩ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«አፉ ብያለሁ። ግን የጁምዓ ሌሊት ብትዪ ይገባኝ ነበር። ዓርብ ስትዪ የቢሮ ዓርብ መሰለኝ።»

እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። የጥገናው ሰው አልተሳሳተም። ሙስሊሙ የጁምዓ ሌሊት የሚለው ሐሙስ ፀሐይ ከጠለቀች ጀምሮ ያለውን ነው። በቤተ ክርስቲያንም ቀኑ የሚገባው ከዋዜማው ማታ ነው፤ ለእሑድ አጥቢያ እንል የለ? እኔ ደግሞ ዓርብ ውሎ የሚመሸውን ሌሊት ነው የሰማሁት። ሁለታችንም ዓርብ ብለን ሁለት ሌሊት ይዘን ሄድን፤ ከተማውም ለሁለት ተከፈለ። «የትኛው ሌሊት?» ብዬ መጠየቅ ምን ያህል ጊዜ ይወስድብኝ ነበር?

አለቃዬ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «አብሽሪ፣ ወረቀት አምጪ» አሉ። የይቅርታውን ረቂቅ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብዬ ጀምሬው ነበር። ሰረዙትና «ማን ፈጠረው?» አሉኝ። እኔም ያቺን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ጠልቻታለሁ፤ መጉላላቱ ከሰማይ የወረደ ነው የምታስመስለው። በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦ «ውሃ የሚቋረጥበትን ሌሊት በግልጽ ባለመናገራችን ብዙዎቻችሁ ሳትቀዱ አደራችሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ውሃው ዛሬ እስከ 9 ሰዓት ይመለሳል።» ያችን 9 ሰዓት ለመጻፍ ለጥገናው ሰው ሦስት ጊዜ አስደውለውኛል።

አሁን የምጽፈው «ሐሙስ ማታ ከ4 ሰዓት እስከ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት» እያልኩ ነው፤ ከሥሩም «ለዓርብ አጥቢያ» እጨምራለሁ። የቀበሌ ቁጥርም ትቼ ሰው በአፉ የሚጠራውን የሰፈር ስም አስገባለሁ። አለቃዬ ግን እሱም ጣጣ አለው ይላሉ፦ «ደሴ ብትሆኚ 'በቧንቧ ውሃ የቧንቧ ውሃ ይቋረጣል' ብለሽ ትጽፊ ነበር።» ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ እኮ ደሴ። የገበያ ቀንም አስቀድሞ መታየት አለበት። «ባቲ ላይ ሰኞ ውሃ ልዝጋ የሚል ሰው ባቲን አያውቃትም» ብለውኛል።

ሌላ ያሳፈረኝን ልጨምር። የዚያኑ ዕለት አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደውሎ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «ኃላፊዋ የሉም» አልኩት፣ አጠገቤ ተቀምጠው! ስልኩን ተቀብለውኝ ራሳቸው መለሱለት። ከዚያ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጁን፣ ቁጥር 590/2000ን፣ ከመሳቢያ አወጡ። ለካ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የሚሰይመው መረጃ እንዲሰጥ ነው፣ እኔ እንደመሰለኝ ስልክ እንዲመልስ አይደለም። ለፈተና የሸመደድነው አዋጅ እኮ ነው፤ ስልኩ ሲጮህ ግን አንዱም ትዝ አላለኝም።

የዚያችን እናት ቁጥር መዝግቤ ይዣለሁ። አስፈቅጄያቸው፣ ሞንታርቦው ከመውጣቱ በፊት ማስታወቂያውን ደውዬ አነብላቸዋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ «ገብቶኛል» አሉ። «ግን ምን ያስቸኩልሻል ልጄ? ቀስ ብለሽ አንብቢው።»