ካርዱ ላይ ማርክ ሲያዝ

ከመናኸሪያ የወጣ ባጃጅ ወደ ዲላ ከሚወርድ አይሱዙ ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ። በግጭቱ ቅጽበት የበለጠ ኃይል ያረፈው በማን ላይ ነው? ኤ፣ በባጃጁ ላይ። ቢ፣ በአይሱዙው ላይ። ሲ፣ በሁለቱም ላይ እኩል ነው። ዲ፣ ፍጥነታቸው ሳይታወቅ መናገር አይቻልም።

ሐዋሳ ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንዱ አካል ሌላውን ሲገፋ ሌላውም በእኩል ኃይል መልሶ ይገፋዋል የሚለውን የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ የምጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው። ልጆቹ ሕጉን ያውቁታል። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሳይስቱ ይወጡታል። ባጃጁ ሲመጣ ግን አብዛኛው ክፍል ኤ ይላል። አይፈረድባቸውም፤ የተጨፈለቀ ባጃጅ ሁላችንም አይተናል። መልሱ ሲ ነው። ኃይሉ እኩል ነው። የባጃጁ መጠነ ቁስ ትንሽ ስለሆነ ግን ያው ኃይል የባጃጁን ፍጥነት በጣም ይለውጠዋል፣ የአይሱዙውን ደግሞ በጥቂቱ። የባጃጁ ቆርቆሮም ያን ያህል አይችልም።

የሚመልሱልኝ በእጅ ማውጣት አይደለም። ፕሊከርስ በሚባል መተግበሪያ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ እንደ ኪው አር ኮድ ያለ ጥቁርና ነጭ ምስል የታተመበት ካርድ አለው። ምስሉ አራት ጎን አለው፤ በየጎኑ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ልጁ የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አድርጎ ካርዱን ያነሳል። እኔ ስልኬን ይዤ ክፍሉን በካሜራው አዳርሳለሁ፣ ስልኩ የሁሉንም መልስ ያነባል። ፕሮጀክተሩ ላይ የሚታየው ስንቱ ምን እንደመረጠ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ካርድ ምስል የተለያየ ስለሆነ የጎረቤትን አያያዝ አይቶ መኮረጅ አይቻልም።

ተማሪ በስልኩ የሚመልስባቸው ሜንቲሜትርና ካሁት የሚባሉ መተግበሪያዎችም አሉ፣ አውቃለሁ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ግን እያንዳንዱ ልጅ ስልክና ኢንተርኔት እንዲኖረው ይፈልጋሉ። በእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ካሁት በተለምዶ ፈጥኖ ለመለሰ ብዙ ነጥብ ይሰጣል፤ እኔ የምፈልገው ቀስ ብሎ የሚያስበውንም ልጅ ነው። የፕሊከርስ ካርድ እስከ 63 ድረስ ስላለ ለእኛ ክፍል ብዛት ይበቃል። መሞከር ለሚፈልግ መምህር አንድ ምክር ልስጥ፦ የሚያብረቀርቅ ላሚኔት አታስደርጉ። ብርሃን ይመልስና ካሜራው አያነበውም። ጠንከር ያለ ተራ ወረቀት ይሻላል። ልጆቹም ካርዱን ከዳር እንዲይዙ ንገሯቸው፣ ጣት ምስሉን ከሸፈነው አይነበብም።

ዋናው ትምህርት ግን በካርድ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ነው የሚጀምረው። ውጤቱን አሳይቼ መልሱን አልናገርም። "ካንተ የተለየ መልስ የያዘ ጎረቤት ፈልግና አሳምነው" እላለሁ። ክፍሉ እንደ ገበያ ይሆናል። አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በሲዳሙ አፎ ይከራከራል፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ክርክሩ ግን በገዛ ቋንቋቸው ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይተን እንደገና ካርድ እናነሳለን።

ዘዴው የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር የኤሪክ ማዙር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሠርቶበታል። ማዙር ከባድ ስሌት የሚፈቱ ተማሪዎቹ ስለ ከባድና ቀላል መኪና ግጭት ሲጠየቁ እንደሚስቱ አየ። እንዲያውም አንድ ተማሪ እንዳስተማሩን ልመልስ ወይስ እኔ እንደማስበው ብሎ ጠየቀው። በማዙር ልምድ ከክፍሉ ከ30 እስከ 70 በመቶው ሲያገኘው ክርክሩ ይበልጥ ይጠቅማል። ከዚያ በታች ከሆነ መምህሩ እንደገና ማስረዳት አለበት።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ሲጀመር ትልቅ ተስፋ ነበር። ሥዕሉ ያምር ነበር፣ በወረቀት የማይታየውን ሙከራ አይተንበታል። ግን ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ጠብቆ ራሱ መልሶ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን እየጻፍን ነው። መምህራችንም ሊያስቆመው አይችልም። ክፍል ውስጥ የሚገባ ማንኛውንም ቴክኖሎጂ ዛሬም የምመዝነው በዚህ ነው፦ ልጁን ይሰማዋል ወይስ ይናገርበታል?

ገጠመኙ የመጣው ነገሩ ከተወደደ በኋላ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህራችን ለክፍል ምልከታ ገቡ። ከኋላ ተቀምጠው ልጆቹ ሲከራከሩ አዩ፤ ደስ አላቸው። ሲወጡ ስልኬን ጠይቀው አዩት። እኔ ስልክ ላይ የእያንዳንዱ ተማሪ ስምና መልስ ይታያል።

"ይኼማ ግሩም ነው! ለምን ማርክ አትይዢበትም? ተከታታይ ምዘና በራሱ ተሠራ ማለት ነው" አሉኝ።

እንደማያስኬድ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን በቅንነት ነበር የሚያስቡት። በየሴክሽኑ ከ60 በላይ ተማሪ ይዘን፣ ፈተና ማረም ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላን ያውቃሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ውሳኔ ሆኖ መጣ። በካርድ የሚሰጥ እያንዳንዱ መልስ ከአምስት ይታረማል ተባለ። ለተማሪዎቹም በሰልፍ ላይ ተነገረ።

ውጤቱ ወዲያው ተለወጠ። ሰማይ ነካ። በመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ክፍሉ በሙሉ ትክክለኛውን መልስ ማግኘት ጀመረ። ፕሮጀክተሩ ላይ አንድ ረጅም አሞሌ ብቻ ይቆማል፣ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። ለሪፖርት ያምራል። "ጎረቤታችሁን አሳምኑ" ስል ግን ማንም ዞር አይልም። ሁሉም አንድ መልስ ይዞ ማን ማንን ያሳምናል?

ምስጢሩን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ፊት ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ጎበዝ ልጅ አለ። ጥያቄው እንደተነበበ እጁን ወደ ጀርባው ያደርጋል። አንድ ጣት ኤ፣ ሁለት ጣት ቢ፣ ሦስት ጣት ሲ። ከኋላው ያለው አይቶ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ካርዱ እንዳይኮረጅ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ጣት ግን ካርድ አይደለም።

ልጆቹን አልተቆጣሁም። ማርክ ያለበትን ነገር አብሮ ማዳን እዚህ አገር እንደ ነውር የማይታይ የቆየ ልማድ ነው። ጎበዙም ልጅ ክፋት የለበትም፣ ጓደኞቹን መርዳቱ ነው። የከነከነኝ ሌላ ነው። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። እጇን አውጥታ አታውቅም። በካርድ ግን ሁልጊዜ ትመልስ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ትስታለች፣ ስህተቷ ግን የታሰበበት ስህተት ነው። የባጃጁን ጥያቄ ግን አግኝታው፣ ባጃጁ የተጎዳው ቀላል ስለሆነ እንጂ የበለጠ ስለተመታ አይደለም ብላ ጎረቤቷን ስታሳምን ሰምቻታለሁ። ማርክ ከመጣ በኋላ እሷም የፊቱን ልጅ ጣት ትጠብቃለች። መልሷ በሙሉ ትክክል ሆነ፣ እኔ ግን ምን እንደምታስብ የማውቅበት መንገድ ተዘጋ። ወዲያው በወረቀት የተሰጠ ፈተና ላይ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ አብዛኛው ክፍል ሳተው።

የፈተናውን ውጤት ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ምክትሉ አዩት። "ኩረጃውን ተቆጣጠሪ" አሉኝ። ቅር አለኝ፣ ግን አልተጨቃጨቅኩም። ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የምንሰበሰብበት ቀን ቀርቦ ነበር፤ ዘዴውን ለመምህራኑ እንዳሳይ ቀድመው ጠይቀውኝ ነበርና እሺ አልኩ።

በዕለቱ ለሁሉም ካርድ አደልኩ፣ ለምክትላችንም ጭምር። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ጀልባ ተንሳፍፋለች። ጀልባዋ ላይ ድንጋይ አለ። ድንጋዩን አንስተን ገንዳው ውስጥ ብንጥለውና ቢሰጥም፣ የውኃው ከፍታ ኤ፣ ይጨምራል። ቢ፣ ይቀንሳል። ሲ፣ ባለበት ይቆያል።

ካርድ ያነሳ የለም። አንድ የታሪክ መምህር ቀድመው፣ "ቆይ፣ ስማችን ይታያል እንዴ?" አሉ።

"እኔ ስልክ ላይ ይታያል" አልኩ።

ሳቅ ተነሳ፣ ካርዱ ግን አልተነሳም። የሒሳብ መምህራን ሳይቀሩ ካርዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ግራ ቀኙን ያያሉ። ምክትላችን ካርዳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል። ከዚያ እውነቱን ነገርኳቸው። የማንንም ስም አላስገባሁም፣ የሚታየኝ የካርድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ማን የትኛውን ቁጥር እንደያዘም አላውቅም። ወዲያው ካርዶቹ ተነሱ። አብዛኛው ኤ ብሎ ነበር። ከዚያ ክርክሩ ጦፈ። የአማርኛ መምህራችን ከፊዚክስ መምህር ጋር ተፋጠው ወረቀት ላይ ጀልባ ይስላሉ። በሁለተኛው ድምፅ ቢ በለጠ። ትክክልም ነው። ድንጋዩ ጀልባዋ ላይ ሳለ በክብደቱ ልክ ውኃ ይገፋል፤ ሲሰጥም ግን በሚይዘው ቦታ ልክ ብቻ ነው የሚገፋው፣ ድንጋይ ከውኃ ስለሚከብድ እሱም ያንሳል።

"ስም ይታያል ሲባል የሆነውን አይተናል። ልጆቹ ደግሞ ስማቸው ብቻ ሳይሆን ማርካቸውም አለበት" አልኩ። ሌላ የጨመርኩት የለም።

ምክትላችን እዚያው ምንም አላሉም። ሰኞ ዕለት ጠርተውኝ የካርዱ ማርክ መቅረቱን ነገሩኝ። ምዘናው በአጭር የወረቀት ፈተና ይያዛል። እሳቸው በምትኩ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ሥራው መሠራቱን የሚያሳይ መረጃ። ተስማማሁ። በየሳምንቱ ስም የሌለበት አንድ ገጽ እሰጣቸዋለሁ፣ የመጀመሪያው ድምፅና የሁለተኛው ድምፅ ጎን ለጎን። የመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ሁለተኛው ከፍ ያለበትን ጥያቄ ለይተው ያከብቡታል፣ ለሌላው ሴክሽን መምህርም ያስተላልፉታል።

ጣት መዘርጋቱ በአንድ ቀን አልቆመም። ልጆቹ ማርክ የለም መባሉን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ በቅርቡ ስለ ሰበቃ ኃይል በጠየቅኩት ላይ ከክፍሉ ተለይታ ዲ አለች። ስታለች። ለምን እንደሳተች ግን አሁን አውቃለሁ፣ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜም ከእሷ ሐሳብ ነው የጀመርኩት። የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መምህራንም ካርዶቹን መዋስ ጀምረዋል። ከባዱ ነገር ጥሩ ጥያቄ ማውጣቱ ስለሆነ ዓርብ ከሰዓት አብረን እየተቀመጥን እናወጣለን።