ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? ሁለት ጊዜ ዕቃ ከጫነ ሰው

ከአዳማ ወደ ወሎ ስንገባ ዕቃ የጫንነው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከአዳማ ደሴ። በአምስተኛው ወር ደግሞ ከደሴ ኮምቦልቻ። ሁለተኛው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኪሴንም ወገቤንም የጎዳው ግን እሱ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ያው ተዛወርን" ብዬ አልፋለሁ። እዚህ ግን እንደሆነው ልጻፈው። ቤተሰብ ይዞ ክልል ሊቀይር ያሰበ ሰው አንዷን ጭነት እንኳ ቢያተርፍ ጥሩ ነው።

እኔ የፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ኮምቦልቻ ካለ አንድ ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ፤ ደመወዙ አዳማ ከማገኘው ደህና አድርጎ ይሻላል። ባለቤቴ ልብስ ትሰፋለች። "እኔ መኪናዬ ካለች የትም እሰፋለሁ" አለችና ነገሩን ለእኔ ጣለችው። ትልቋ ልጃችን 8ኛ ክፍል ልትገባ ነበር፤ ትንሹ ገና ኬጂ ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ናት። አስም አለባት።

ሥራው ኮምቦልቻ ስለሆነ ቀላሉ ነገር ኮምቦልቻ መግባት ነበር። ግን የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ተማክሮ የመጣ ይመስል አንድ ነገር ነው የሚለኝ፦ "ሥራህን ኮምቦልቻ ሥራ፣ ቤተሰብህን ደሴ አኑር።" ምክንያት አላቸው። ደሴ የንጉሥ ሚካኤል ከተማ ናት። የቆዩት ትምህርት ቤቶች፣ ትልቁ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረት ከተማ ናት። በ2009 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ጭራሽ የሠራተኛ ከተማ ሆነች። "እሷማ የፈረቃ ከተማ ናት፣ ልጅ አታሳድግም" ያለኝ ሰው አለ። አመንኩት።

እማዬ ሦስተኛ ምርጫ አመጣች፤ ሐይቅ። "እስጢፋኖስ አጠገብ ኖሬ ብሞት ምን አለኝ" አለች። ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በየቀኑ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው የሚሞከር አይደለም። ይህን እንዴት ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ባለቤቴ ቀደመችኝ፦ "እማ፣ ገዳሙ እኮ ሴት አያስገባም።" እማዬ ትንሽ ዝም አለች። "እንግዲያውስ ከሩቅ ለመሳለም ያን ሁሉ ዕቃ አልጭንም" አለች። ሐይቅ በዚሁ ወደቀ።

ደሴን ሄጄ ያየኋት በጥር ነው። ስህተቱ እዚህ ይጀምራል።

በጥር ደሴን አይቶ የማይወድ ሰው ካለ እሱ ሌላ ችግር አለበት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የጦሳ ተራራ ከላይ ቆሞ ከተማዋን ያያል። ሌሊት ይበርዳል፤ ግን የጥር ብርድ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ይረሳል። ሁለት ቀን አደርኩ። ከፒያሳ ሸዋ በር በእግሬ ተመላለስኩ፣ ቡና ጠጣሁ፣ የማላውቀው ሰው "ቡና ደርሷል፣ ግባ እንጂ" ብሎ ቤቱ አስገባኝ። በዚህ ላይ ምን ይጨመራል? አዳማ ተመልሼ "ደሴ ነው" አልኩ። ባለቤቴና እናቴ አብረውኝ አልሄዱም። የመኪና ወጪ ለመቆጠብ ነው። ቆጠብኩ።

ቤቱን የተከራየሁት በግንቦት፣ አንድ ቀን ደርሼ በመመለስ ነው። ደላላው ዳገት ላይ ያለ ባለ ሦስት ክፍል ቤት አሳየኝ። በረንዳው ከተማዋን ቁልቁል ያሳያል። ግድግዳው ገና ቀለሙ የሚሸት ፈዛዛ አረንጓዴ። "ለእናንተ ተብሎ ነው የተቀባው" አለ ደላላው። ደስ አለኝ። አንድ ማሽን አዲስ ቀለም ተቀብቶ ቢመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ቀለሙን ፍቄ ዝገቱን ማየት ነው። ቤት ሲሆን ግን ይህን ሁሉ ረሳሁት።

አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁ፤ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ። ከፈልኩ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን ይላል። በየትኞቹ ከተሞቻቸው እንደሚሠራ ክልሎች ናቸው የሚወስኑት። ቀበሌ ጎራ ብሎ "እዚህ ይሠራል ወይ?" ማለት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። አላልኩም። ደላላው አጠገቤ ቆሞ "ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው" ይለኛል። ያ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ሐምሌ ላይ በአይሱዙ ጭነን ገባን። በጣርማ በር ስናልፍ ጉም ነበር። እማዬ ጋቢዋን አፍንጫዋ ድረስ ስባ "ይኼ እዚህ ብቻ ነው አይደል?" አለች። "እዚህ ብቻ ነው" አልኳት።

እዚህ ብቻ አልነበረም። የደሴ ክረምት ጉሙ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም። እማዬ ብርዱን ስትሸሽ ከሰል ታያይዛለች፤ ከሰሉ ደግሞ ደረቷን ይዘጋባታል። መስኮት ስንከፍት ጉሙ፣ ስንዘጋ ጭሱ። ነሐሴ ውስጥ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ሮጠናል። ሆስፒታሉ ቅርብ መሆኑ ጠቀመን፤ ባለቤቴ ግን በሁለተኛው ሌሊት ስንመለስ "ሆስፒታል የሚያስኬዳት ቦታ አምጥተን፣ ሆስፒታል ቅርብ ነው ብለን ደስ ይበለን?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ግድግዳው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቁምሳጥኑን ስናነሳ ከኋላው ቀለሙ ተሰንጥቋል። ፀጉር የሚያህል መስመር ናት። ልማዴ ነውና የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ቀኑን ጻፍኩበት። በነሐሴ አጋማሽ ስንጥቁ ምልክቴን በአራት ጣት አልፎት ሄዷል፤ መሐሉ ላይ የክብሪት እንጨት ይገባል። አከራዩን ጠራኋቸው። አዩትና "አብሽር፣ ቤቱ ክረምት ክረምት ትንሽ ይተነፍሳል" አሉኝ። ጎረቤታችን እትዬ ግን ቡና ላይ ሳቁብኝ። "ሲተነፍስ ነው ኖሯል በየዓመቱ የሚቀባው!" ደሴ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የመሬት መንሸራተት የቆየ ችግሯ ነው። ሰፈር ከሰፈር ይለያያል፤ ጎረቤት ሁሉ የቱ ሰፈር እንደሚንሸራተት ያውቃል። የጠየቅኩት ግን ደላላውን ነው።

የእኔ መንገድም ነበረች፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወረድባት ሐረጎ። በደህና ቀን ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን በቀላሉ ይወርደዋል። በጉም ቀን ሹፌሩ የፊቱን መኪና የኋላ መብራት እየተከተለ ነው። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ቀኝ! ቀኝ!" ይላል። ተሳፋሪው ግማሹ "ቢስሚላህ"፣ ግማሹ "በስመ አብ" እያለ እንወርዳለን። አለቃዬ ከዚያው ከኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ ፀሐይ ስለሆነ ጉም ነበር ስለው አያምነኝም። የሁለት ቀን ደመወዝ ተቆርጦብኛል።

ነገሩን ያዞረው መስከረም ላይ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እሑድ ቡና ጠራን፣ ሁላችንም ወረድን። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አቦሉ ሳይወርድ እማዬ ጋቢዋን አውልቃ አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ባለቤቴ በክርኗ ነካችኝ። ከገባን ጀምሮ እማዬ ከአልጋ ውጭ ጋቢ ስታወልቅ አይተን አናውቅም።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚለዋወጥ የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ነው። ይህን ቁጥር አዳማ ቁጭ ብዬ በስልኬ ማየት እችል ነበር። ያየሁት ግን የትምህርት ቤቱን ብዛት፣ የኪራዩን ዋጋና የእኔን መንገድ ነው። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ ሰው ነኝ፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀንም እሠራለሁ። ከተማዋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትውለው እማዬ ናት። ሁላችንም በየሥራችን ስንወጣ ደሴ ማለት ለእሷ ያ አንድ ክፍልና ያ ከሰል ነበር። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባት እሷ፣ መጀመሪያ መታየት የነበረበት ወር ደግሞ ነሐሴ ነበር።

በሁለተኛው ፍለጋ ደላላ አልያዝንም። እማዬን ይዘን በእግር ዞርን። ባለቤቴ የራሷ ዘዴ አላት፤ ግቢ ስንገባ ክፍሉን ሳታይ ቢጫ ጀሪካን ትቆጥራለች። አንድ ቤት ደጃፍ ላይ አሥራ አራት ጀሪካን ቆጠረችና "እዚህ ውሃ በስንት ቀኑ ይሆን የሚመጣው?" ብላ ሳትገባ ተመለሰች። እኔ በፋንታዬ ቁምሳጥን አስነሳሁ። አንዲት አከራይ "ሌባ ፈላጊ ነህ እንዴ?" አሉኝ። የሱቅ ልጆችን ጠየቅን፤ ሱቅ ውስጥ የሚውል ልጅ መብራት መቼ እንደሚጠፋ፣ ማታ የትኛው መንገድ እንደማይኬድ ከማንም በላይ ያውቃል። አስፋልት ዳር ያለውን ደህና ቤት የተውነው ማታ ሄደን ሰምተነው ነው። ከባድ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል።

ኮምቦልቻም ገነት አይደለችም። በጋ ላይ አቧራው አለ። ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች ወባ አለ፤ አጎበር ሰቅለናል። እማዬ ለክትትል አሁንም ደሴ ትወጣለች፤ ግን በወር አንዴ፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላ። ሰላሙን በተመለከተ፣ በ2014 ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ነክቷል፤ ሁለቱም ጋ ያልተነካ ቤት መፈለግ ሞኝነት ነው። መንገድም አንዳንድ ቀን መኪና አይነሳበትም። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ዕቃ ከመጫኑ በፊት በየቀኑ ለሚመላለስ ሹፌር ቢደውል ይበጀዋል።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ። ከቀበሌም ከትምህርት ቤትም መሸኛ ሳይዙ መነሳት ዋጋ ያስከፍላል። የልጄ መሸኛ አንድ ማኅተም ጎድሎት ወንድሜ ከአዳማ በሰው ልኮ ነው ያዳናት።

ኅዳር ላይ ወረድን። ከስድስት ወሩ ክፍያ የቀረው አልተመለሰልኝም። ልጄ ግን ምን ትሁን? 8ኛ ክፍል ናት፣ ፈተና አለባት፣ አሁን ገና ጓደኛ ይዛለች። እኔ ሚኒባስ ሳሰላ እትዬ ሰምተው መጡ። "ልጅቱ ፈተናዋን እስክትጨርስ እኔ ዘንድ ትሁን። ከልጄ ጋር ትተኛለች፣ ዓርብ ዓርብ ትወርዳለች።" እኛ ክርስቲያን ነን፣ እሳቸው ሙስሊም። ባለቤቴ ስለ ሥጋው ልትጠይቅ ስትጀምር "እኔ ጋ የጾም ነው የምትበላው፣ ወፍራም ሽሮ እሠራላታለሁ" ብለው ዘጉት። የወር ቀለብ ልስጥ ብል ተቆጡኝ። ጤፍ ላክሁ፤ ግማሹን ዱቄት አስፈጭተው በልጄ መልሰው ላኩልኝ።

አዲሱ ሰፈር በገባን በሳምንቱ አንድ ሐጂ በር አንኳኩ። "ቅሬ ገባችሁ?" ቅሬ እኛ አዳማ እድር የምንለው ነው፤ እዚህ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ስማችንን ጻፉ። እማዬን ደግሞ "እናቴ፣ እርስዎ ጡረታ ላይ ነዎት፣ ከቅሬው ሥራ ቀሪ አይባሉም" ብለው አሳቋት። አሁን ከእኔ ይልቅ ሰፈሩን የምታውቀው እሷ ናት። ማን ማንን እንዳገባ ማታ ለእኔ ትነግረኛለች።

ልጄ አዳማ የተማረችው ኦሮምኛ ጠቅሟታል። ከከሚሴ ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር ስትከራከር ቲማቲም ይቀንሱላታል። ይህን አስቤበት አልነበረም።

ክልላዊ ፈተናውን ሰኔ ላይ ጨረሰች። ሻንጣዋን ይዛ ወረደች፤ አሁን ሁላችንም አንድ ጣሪያ ሥር ነን ብዬ አሰብኩ። እራት ላይ "9ኛ ክፍልን ደሴ ነው የምማረው፣ ከእትዬ ጋር ተነጋግረናል" አለች። ባለቤቴ እኔን አየች። እኔ እማዬን። እማዬ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ጋቢዋን አውጥታ አራገፈችና ልጅቱ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"ነሐሴ ላይ ያስፈልግሻል" አለች።