በገንዘቤ በረሮ ገዛሁ

አዲስ አበባ ሳለሁ በረሮ ለማጥፋት ያልረጨሁት መድኃኒት የለም። ዛሬ ሜሪላንድ ተቀምጬ በረሮ በገንዘቤ እየገዛሁ ካሮት እቀልባለሁ። ነገሩ የጀመረው ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት «እንሽላሊት ግዙልኝ» ብላ ስትይዘን ነው። ውሻ ከምትል ይሻላል ብዬ እሺ አልኩ። የገዛነው ሌፐርድ ጌኮ የሚባለውን ነው፤ ቢጫ ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው፣ ዘሩ ከፓኪስታንና ከአፍጋኒስታን ደረቅ አገር የሚመዘዝ። «ነብሮ» አልነው።

ነብሮ ቅጠል አይቀምስም። የሚበላው ነፍሳት ብቻ ነው፤ ያውም ካልተንቀሳቀሱ ዞር ብሎም አያያቸው። እኔም መጀመሪያ ሚልዎርም ገዛሁ። የጥንዚዛ እጭ ነው፤ ፉርሽካ ውስጥ ይቀመጣል፣ አይዘልም፣ አይጮኽም፣ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። አሁን ሳስበው ለእኔ ስለተመቸኝ እንጂ ለእሱ ስለሚስማማው አልነበረም የመረጥኩት። ባለቤቴ ከእርጎው አጠገብ ያየችው ቀን የተባባልነውን ልለፈው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ነብሮ ሲራመድ ሆዱን መጎተት ጀመረ። የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ወሰድነው። ምን እንደምሰጠው ስነግራት፣ «ትሎቹስ ምን ይበላሉ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካ በእነዚህ ነፍሳት ሰውነት ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በብዙ ይበልጣል። እነሱን ብቻ የሚበላ እንሽላሊት የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ ይስባል፤ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጣመማል። ደግነቱ ቶሎ ደርሰንበታል።

ከዚያ በኋላ ክሪኬት ሞከርኩ፤ ማታ ማታ ሣር ውስጥ የሚንጫጫውን። ጥሩ ምግብ ነው፤ ነብሮም እያሳደደ ሲይዘው ደስ ይላል። ግን ይሸታል፣ ቶሎ ይሞታል፣ ያመልጣል። አንድ ቀን ሃምሳ የያዘው ሣጥን ተገለበጠብኝና ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፍሪጁ ጀርባ ሲዘፍኑልን ከረሙ። እሱስ ይሁን። የባሰው፣ ያልተበሉትን እዚያው ትቼ ያደርኩ ዕለት ርቧቸው የነብሮን ጅራት ነክሰው አደሩ። አሁን ሩብ ሰዓት ጠብቄ የተረፈውን እለቅማለሁ።

ዋክስዎርም የሚሉትን ትል ደግሞ ገና ሳየው አወቅኩት። አባቴ ጎጃም ንብ ያነብ ነበር፤ ደካማ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ሰሙን የሚያወድመው ነጭ ትል ያናድደው ነበር። እዚህ በኩባያ ተሞልቶ ይሸጣል! ስብ ስለሚበዛበት ለነብሮ እንደ ከረሜላ ነው። አንዴ ከለመደው በኋላ ዘጠኝ ቀን ሌላ ነገር አልበላም ብሎ አደመ። ሌፐርድ ጌኮ ጅራቱ ውስጥ ስብ ስለሚያጠራቅም አልጎዳውም፤ የጨነቀኝ እኔን ነው። አሁን በሁለት ሳምንት አንድ ብቻ ያገኛል።

በመጨረሻ ዱቢያ ላይ ደረስኩ፤ የደቡብ አሜሪካ በረሮ። ባለቤቴ «ወይ እኔ ወይ በረሮው» አለች። ያግባባን ጠባዩ ነው፦ ልሙጥ ፕላስቲክ መውጣት አይችልም፣ አይጮኽም፣ ብዙም አይሸትም፣ ለመራባት ሙቀት ስለሚፈልግ ቢያመልጥ እንኳ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ አይፈላም። የእንቁላል ካርቶን በደረደርኩበት ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

የሐኪሟ ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። በረሮዎቹን ለነብሮ ከመስጠቴ አንድ ሁለት ቀን አስቀድሜ በደንብ አበላቸዋለሁ፤ በሆዳቸው የያዙት ሁሉ እሱ ሆድ ይገባልና። እኛ ቤት ጎመን ጠፍቶ አያውቅም። ጎመን ካልሲየም አለው፤ አገዳውና የውጭው ቅጠል ለበረሮዎቹ፣ የቀረው ለእኛ። ቆስጣ ግን አልሰጣቸውም፤ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ኦክሳሌት ይበዛበታል። በሁዳዴ እኛ ጎመኑን እንበላለን፣ ነብሮ ጎመን የበላውን ይበላል።

መጠኑንም በዓይን ነው የምለካው፦ በነብሮ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት የሚበልጥ ነፍሳት አይገባም። ከዚያ ልጄ በረሮዎቹን ፌስታል ውስጥ ከቁንጥር ካልሲየም ዱቄት ጋር ትወዘውዛቸዋለች፤ ዱቄት የነካው ዳቦ መስለው ይወጣሉ። ቫይታሚን ዲ3 ያለበትን ዱቄት ሐኪሟ ባዘዘችው ልክ ብቻ ነው የምንጠቀመው።

ከግቢ የተያዘ ነገር አንሰጠውም፤ ሣር ላይ ምን እንደተረጨ አይታወቅም። ይህን ሕግ ያጠበቅነው ሰኔ ላይ ነው። በዚያ ወቅት እዚህ ሲመሽ ግቢው ሁሉ ጅራታቸው ብልጭ ድርግም በሚል ጥንዚዛዎች ይሞላል። ልጄ አንዱን በብርጭቆ ይዛ «ለነብሮ ራት!» እያለች ገባች። እንደ አጋጣሚ በዚያው ሳምንት አንብቤ ነበር፦ ከጓጉንቸር መርዝ ጋር የሚዛመድ መርዝ አላቸው፤ አንዱ ብቻ እንሽላሊት ሊገድል ይችላል። ብርጭቆውን ከእጇ መንጭቄ ስወስድ አለቀሰች። ምክንያቱን ሳስረዳት ግን ወረቀት ላይ ጥንዚዛውን ስላ፣ በቀይ ሰርዛ የነብሮ ቤት መስታወት ላይ ለጠፈችው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል አሁንም አልተዋጠላትም። «በስመ አብ! ልጄ፣ እዚያ ድረስ ሄደህ በረሮ ትገዛለህ?» ትለኛለች። ትናንት ነብሮን በማእድ ቤት ሚዛን ስመዝነው 62 ግራም ሆነ፤ ሆዱንም አይጎትትም። ይህን ስነግራት፣ «እሱስ ወፈረ፣ አንተ ግን እየበላህ ነው?» አለችኝ።