አካፋ ስትገዙ አንገቱን እዩ

የእማዬ ቤት ጎንደር ውስጥ ወደ አዘዞ መውጫ ነው። ከጓሮው በላይ መሬቱ ከፍ ይላል፣ እና ሁልጊዜ ሐምሌ ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ቀጥ ብሎ መጥቶ የማድ ቤቱን ግድግዳ ነው የሚመታው፣ አምና ጭራሽ ምርጊቱ ተልጦ እንጨቱ ታየ። እማዬ ምንም አትልም። ነጠላዋን አደግድጋ ውሃውን በባልዲ ስታወጣ ግን አይቻታለሁ፣ ስለዚህ ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ከጓሮ በላይ ቦይ እቆፍራለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሰው ቀጥረህ አታስቆፍርም ወይ ያሉኝ አሉ፣ እኔ ግን በራሴ እጅ ልሰራው ፈለግኩ፣ የእናቴ ቤት ነው በቃ።

መጀመሪያ የገዛሁት አካፋ ሁለት ቀን ነው የቆየው። ከአንድ ሱቅ (ስሙን ልተወው) ቀይ ቀለም የተቀባ የሚያብረቀርቅ አካፋ ሰጡኝ፣ ቀለል ስላለኝ ጥሩ መሰለኝና ወሰድኩት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ በእግሬ ረግጬ መሬት ውስጥ ካስገባሁት በኋላ አፈሩን ለመፈንቀል እጀታውን ወደ ታች ስጫነው እጄ ላይ ለስለስ አለብኝ፣ ምን ነካው ብዬ ሳወጣው አንገቱ ላይ፣ ማለትም ብረቱ እጀታውን የሚይዝበት ጋ፣ ተቆልምሟል። ቀለሙ የተላጠበትን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ላሜራው ከቤት ክዳን ቆርቆሮ ትንሽ ቢወፍር ነው። በመዶሻ ቀጥቅጬ አቀናሁት፣ ሁለት ጊዜ ስዝቅበት እዛው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ብየዳ ቤት ወሰድኩት፣ በየዱልኝ፣ በማግስቱ ከብየዳው ጎን ደግሞ ተቀደደ። ብረት በብየዳ ሲግል ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ጥንካሬው ይቀየራል፣ ስስ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይቃጠላል፣ ስለዚህ አንዴ አንገቱ የሄደ ስስ አካፋ ላይ ገንዘብ አትጨምሩበት።

እሁድ እለት አጎቴ ከደምቢያ መጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዋልካ (የሚጣበቀውን ጥቁር አፈር) ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። የተሰበረውን አንስተው አገላብጠው አዩትና «አንተ ልጅ፣ አካፋ ሲገዛ አፉን አይደለም የሚያዩት፣ አንገቱን ነው» አሉኝ። «አንቱ፣ ታዲያ ምን አይነት ልግዛ?» ስላቸው ነገ አብረን እንሄዳለን አሉ፣ ሄድንም።

ከዛ በፊት ግን ስለ አፈሩ ልናገር፣ ምክንያቱም የአካፋ ነገር የአፈር ነገር ነው። የኛ ሰፈር መሬት ዋልካ ነው። በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ጓሉን ብትመታው ድንጋይ ነው፣ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ ያብጥና ጫማህን ይዞ ያስቀራል። በደረቁ ጊዜ በአካፋ መቆፈር የሚባል ነገር የለም፣ የዶማና የድጅኖ ስራ ነው፣ አካፋው የሚመጣው የተፈነቀለውን ለመዛቅ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ደግሞ በሙሉ ይጣበቅብሃል። ጥሩው ጊዜ አንድ ሁለት ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲላላ ገና ሳይላቁጥ ያለችው ጥቂት ቀን ናት፣ እኔ የጀመርኩት ግንቦት ላይ እሷን ጠብቄ ነው።

የስራውን ብዛት ደግሞ አስሉት። ቦዩ 18 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ስፋት፣ 70 ሳንቲ ጥልቀት ነው፣ ሲባዛ ሰባት ሜትር ኩብ ተኩል ግድም ይመጣል። እርጥብ አፈር በሜትር ኩብ ከ1.6 እስከ 1.9 ቶን ይመዝናል፣ እንግዲህ 13 ቶን ገደማ አፈር በሁለት እጅ ማንሳት ማለት ነው። ፍሬድሪክ ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ ኢንጂነር በፈረንጆቹ 1800ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ቤተልሔም ስቲል የሚባል የብረት ፋብሪካ ውስጥ አካፋ ያዦችን እያጠና ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይደክም ብዙ መስራት የሚችለው በአንድ ጊዜ ዝቆ 21 ፓውንድ ሲያነሳ ነው ብሎ ነበር፣ ወደ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ማለት ነው። በሱ ሂሳብ እኔ ይህንን ቦይ ለመጨረስ ከ1300 ጊዜ በላይ መዛቅ አለብኝ። እና ከዚህ የሚወጣው ትልቅ ትምህርት ምንድነው፣ ለከባድ አፈር ትልቅ አካፋ አትግዙ። ሰፊው አራት ማዕዘን አፍ ያለው ለአሸዋ፣ ለገለባ፣ ለተቦካ ሲሚንቶ ነው፣ እርጥብ ዋልካ በሱ ሞልተህ ካነሳህ አሥራ ምናምን ኪሎ ነው፣ ወገብህ እስከ ምሳ አይደርስም። ለቁፋሮ አፉ ሾል ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነው የሚሻለው።

ሱቅ ስንገባ አጎቴ ከአምስቱ አካፋ አራቱን በሁለት ደቂቃ አስቀመጧቸው። እንዴት እንዳዩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። አንዳንዱ አካፋ ጀርባው ላይ አንገቱ ስር ጉድጓድ አለው፣ ላሜራው ሲታተም የተፈጠረ ነው፣ እዛ ውስጥ ጭቃ ይጠቀጠቅና አካፋው እየከበደ ይሄዳል፣ በዋልካ አፈር ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። ያ ጉድጓድ በብረት የተደፈነ ከሆነ ወይም አካፋው ከነአንገቱ ከአንድ ወፍራም ብረት ተቀጥቅጦ የተሰራ ከሆነ ይሻላል። ቀጥሎ እጀታው የሚገባበትን ቱቦ በስንዝር ለኩት። አጭር ከሆነ ጭነቱ በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፣ እንጨቱም ብረቱም እዛው ይሰበራል፣ ስንዝር ተኩል ያህል ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን ግን ጭነቱን ይካፈለዋል። ከዛ አፉን ወለሉ ላይ ተክለው በእጃቸው ሲጫኑት ብረቱ ከተወዛወዘ ወደ ጎን ያስቀምጡታል። በጣታቸው ኳ ኳ ሲያደርጉትም ነበር፣ ወፍራሙ እንደ ደወል ይጮሃል፣ ስሱ ይንሿሿል። እኔ ደግሞ ከጓደኛዬ ጋራዥ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዤ ስለነበር ለካሁት፣ የመረጡት ሁለት ሚሊ ሆነ፣ የኔ የተሰበረው አንድ ሚሊ ከምናምን ነበር። ለከባድ ቁፋሮ ወደ ሁለት ሚሊ የሚጠጋ ፈልጉ።

የላይኛው ጠርዝም አለ። እግር የሚያርፍበት ቦታ ታጥፎ መርገጫ ሊኖረው ይገባል፣ አለበለዚያ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው ግማሽ ቀን ሲረግጥ ውሎ ማታ የውስጥ እግሩን መሬት ማስነካት አይችልም፣ በራሴ አይቼዋለሁ።

እጀታው ላይ ግን ብዙ ላውራ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ችላ የሚለው እሱን ነው። ረጅም እጀታ የምፈልገው ቀና ብዬ ለመስራት ነው፣ ደግሞም አፈር ስትፈነቅል እጀታው በረዘመ ቁጥር የምታወጣው ጉልበት ይቀንሳል። አካፋውን አቁመህ ጫፉ ደረትህና አገጭህ መሃል ቢደርስ ልኩ ነው፣ እኔ 1 ሜትር ከ75 ነኝ፣ ጠቅላላው 1 ሜትር ከ45 ሆኖ ተስማማኝ። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ለሚቆፍር ሰው ግን ረጅሙ ግድግዳ እየመታ ያስቸግራል፣ ለሽንት ቤት ጉድጓድ አጭሩን ያዙ።

እንጨቱን በተመለከተ ወይራ የመሰለ የለም፣ ግን ወይራችን በአብዛኛው የቀረው ቤተክርስቲያን ግቢ ነው፣ ለአካፋ ብሎ እሱን የሚቆርጥ ሰው ይቅር አይባልም። ክትክታ ለዶማ ዛቢያ ግሩም ነው፣ ለአካፋ የሚሆን ረጅምና ቀጥ ያለ ግን አይገኝም። የቀረው ባህር ዛፍ ነው፣ መጥፎ አይደለም፣ የሚያበላሸው እርጥቡን መግጠም ነው። እርጥብ እንጨት አንገቱ ውስጥ ሲደርቅ ይሟሽሽና ይላላል፣ ይሰነጠቃልም። ሰው ሲላላበት ውሃ ውስጥ ነክሮ ያሳድራል፣ ለአንድ ቀን ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ከበፊቱ ይብሳል። አጎቴ ከቤታቸው ጣራ ስር ጥላ ላይ ከርሞ የደረቀ ባህር ዛፍ አምጥተውልኝ ነበር፣ የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆራረጥ የሚሄድ፣ ጉጥ የሌለበት። መስመሩ ወደ ጎን የሚወጣ እንጨት ቢወፍርም እዛው ላይ ነው የሚሄድ።

አገጣጠሙን ቁጭ ብዬ አየሁ። ጫፉን በመጥረቢያ አሾሉ፣ ከዛ በጠርሙስ ስባሪ እየላጉ እየሞከሩ፣ ብረቱ የነካበት ቦታ እንጨቱ ላይ ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ ያንን ብቻ ይልጉና ደግመው ያስገባሉ፣ አስር ጊዜ ሳይሞላ አይቀርም። መጨረሻ ላይ አካፋውን ወደ ታች አንጠልጥለው ይዘው የእጀታውን ላይኛ ጫፍ በመዶሻ መቱት፣ ብረቱ በራሱ ክብደት እየወጣ እንጨቱ ላይ ጥብቅ አለ። ሚስማር እንዳትመታበት፣ ይሰነጥቀዋል ብለው በትሬፓኖ (በመሰርሰሪያ) አስበስተው አንድ ቡሎን አሳለፉበት። እኔ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ የተልባ ዘይት ቀባሁት፣ ቫርኒሽ አልወድም፣ እጅ ያሙለጨልጫል ያቆስላልም።

የአፉን ስለት በሞረድ ማውጣት ደግሞ አትርሱ። አዲስ አካፋ ደንዝዞ ነው የሚመጣው። በውስጥ በኩል ብቻ አግድም እየሞረዳችሁ ትንሽ ስለት አውጡለት፣ እንደ ቢላ ግን አይደለም፣ በጣም ከሳሳ ጠጠር ሲነካ ይጎረደማል። በዋልካ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ የተሞረደው ሲረገጥ ይገባል፣ ያልተሞረደው ይነጥራል። ጭቃው ሲጣበቅ የምትፍቁበት ጠፍጣፋ እንጨት ኪስ ውስጥ ይኑር፣ ባልዲ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ አፉን ነከር ማድረግም ይረዳል።

አንድ ነገር አጎቴ ሲሄዱ አስምለውኝ ነው የሄዱት፣ በአካፋ ድንጋይ እንዳልነቅል። ሁለት ሚሊ ብረትም ቢሆን፣ ወይራም ቢሆን፣ ድንጋይ ስር አስገብተህ ከተንጠለጠልክበት አንገቱ ይሄዳል። ስለዚህ 14 ሜትሩን ጨርሻለሁ፣ የታችኛው 4 ሜትር ላይ ጥቁር ድንጋይ አጋጥሞኛል፣ ከጎረቤት ድጅኖ እስኪመለስ እየጠበቅኩ ነው። ትናንት ማታ ትንሽ ዘንቦ ነበር፣ ጠዋት እማዬ ቦዩ ጫፍ ላይ ቆማ ውሃው የት ድረስ እንደሄደ ስታይ ነበር።