ሰባት ወራሽ፣ አንድ ጣሪያ

እኔ ቤት የማየው ከላይ ወደ ታች ነው። ሥራዬ ስለሆነ። ሙኒክ አካባቢ ጣሪያ ስሠራ አሥራ አራት ዓመት አለፈኝ። ሌላው ሰው በር ላይ ቆሞ ሳሎኑን ሲያደንቅ እኔ አሸንዳውን፣ የወራጁን ጫፍ፣ የሸክላውን አደራደር አያለሁ። ባለፈው ሚያዝያ የሥራ ባልደረባዬ «ሩማኒያ አብረን እንሂድ፤ ልገዛው ያሰብኩት ቤት አለ፤ ጣሪያውን እይልኝ» ሲለኝ ብዙ አላሰብኩም። እሺ አልኩት።

ባልደረባዬ ሳክሰን ነው። ትራንሲልቫኒያ በሚባለው የሩማኒያ ክፍል ከስምንት መቶ ዓመት በላይ የኖሩት የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዘር ማለት ነው። በኮሚኒስቱ መሪ በቻውሼስኩ ዘመን ምዕራብ ጀርመን ለሩማኒያ መንግሥት በነፍስ ወከፍ ገንዘብ እየከፈለች ከ200 ሺህ በላይ ጀርመናውያንን ከሩማኒያ አስወጥታለች። የእሱም ወላጆች የወጡት እንደዚያ ነው። ሲወጡ ቤታቸውን ለመንግሥት አስረክበዋል፤ በ1974 የወጣው ድንጋጌ ያስገድድ ነበር። (ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

በአውሮፕላን ሲቢዩ ከተማ ገባን። የሲቢዩ ጣሪያዎች ዓይን አላቸው። ቀጭን፣ ግማሽ የተከደነ ዓይን። ቱሪስቱ ሁሉ አንጋጦ ፎቶ ያነሳቸዋል። እኔ ግን ደስ ያለኝ ለምን እንደተሠሩ ሳስበው ነው። ድሮ ቆጡ ላይ እህልና የደረቀ ሥጋ ይቀመጥ ነበር። ቆጥ ደግሞ አየር ይፈልጋል። ያ ክፍተት ዝናብ ሳያስገባ ንፋስ ያስገባል። ባለሙያው ችግሩን ሲፈታ ውበቱ አብሮ መጣ።

ደላላዋ መኪናዋን ይዛ ጠበቀችን። እየነዳች ሌሎች የሚሸጡ ቤቶችንም አወራችልን። ቡካሬስት ውስጥ ኮትሮቼኒ ሰፈር ያለ ቪላ። በደቡብ ሩማኒያ፣ ዋላኪያ የሚባለው አካባቢ ያለ፣ እነሱ «ኮናክ» የሚሉት የባላባት ቤት። ቡካሬስት ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልንገረው። መታጠቢያ ቤቱን ከማየትህ በፊት ስለ መሬት መንቀጥቀጡ ጠይቅ። መጋቢት 4 ቀን 1977 የደረሰው ከ1,500 በላይ ሰው ገድሏል፤ አብዛኛው የሞተው ቡካሬስት ውስጥ ነው። በአደገኛነት አንደኛ ደረጃ የተመደቡ ሕንፃዎች በራቸው አጠገብ ክብ ቀይ ምልክት ይለጠፍባቸዋል። ቀለሙ የታደሰ፣ ደረጃው እብነ በረድ የሆነ ቤት ያ ቀይ ክብ ሊኖርበት ይችላል።

የኛ ቤት ከመንደሩ ጫፍ ነበር። ሁለት ረድፍ የደረት ኖት ዛፍ፣ ከዚያ አራት ዓምድ ያለው በረንዳ፣ ከዚያ ጣሪያው። መኪናው ሳይቆም ነው ያየሁት። በሰሜን በኩል አሸንዳው የለም። መዳብ ስለነበር ሰርቀው ሸጠውታል። ከዚያ ወዲህ የጣሪያው ውሃ ሁሉ በግድግዳው ላይ ይወርዳል።

ቁልፉን የያዙት አንዲት አሮጊት ናቸው። ሃንጋሪኛም ሩማኒያኛም ይናገራሉ። እኔ ሁለቱንም ስለማልችል በአማርኛ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ» አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። መጀመሪያ ያስገቡን ወጥ ቤት ነው። ኬክና ፓሊንካ ቀረበ። ፓሊንካ ከፕለም የሚወጣ አረቄ ነው፤ የኛን ካቲካላ የለመደ ሰው አያስደነግጠውም። ሳይቀመሱ ቤት ማየት የለም። ባህሉ ከኛ ጋር አንድ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ አረንጓዴ ሸክላ የለበሰ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማሞቂያ ምድጃ አለ። ባልደረባዬ እሱን ሲዳብስ እኔ ግድግዳው ላይ የኮት መስቀያ አየሁ። ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የተመታው። በእያንዳንዱ መስቀያ ላይ ሥዕል ተስሏል፤ ፖም፣ ዳክዬ፣ ጃርት፣ እንጉዳይ። ቤቱ ለረጅም ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት ነበር። ማንበብ የማይችል ልጅ ኮቱን በሥዕሉ ያውቀዋል። እማማ የዚያ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ሠሪ ነበሩ። ጃርቱን በጣታቸው ነክተው የአንድ ልጅ ስም ጠሩ።

ከዚያ በፊት ቤቱ የአንድ የሃንጋሪ መኳንንት ቤተሰብ ነበር። ከመጋቢት 2 ለ3 አጥቢያ 1949፣ በአንድ ሌሊት፣ በመላ ሩማኒያ ባለ ርስቶች ከቤታቸው ተባረሩ። በመኪና ተጭነው ወደተመደበላቸው ከተማ ተወሰዱ። መታወቂያቸው ላይ «ዴ.ኦ.» የሚል ማኅተም ተመታ፤ የግዴታ መኖሪያ ማለት ነው። ቤቶቹ የኅብረት እርሻ ቢሮ፣ የእህል ጎተራ፣ የሕፃናት ማሳደጊያ ሆኑ። በ2001 የወጣው ሕግ ቁጥር 10 ለብዙዎቹ ወራሾች የመመለሻ በር ከፈተ።

ደላላዋ የመሬት መዝገቡን ቅጂ አሳየችን። ስሞቹ በየተራ ተጽፈዋል። አያት፣ ልጅ፣ ከዚያ «የሩማኒያ መንግሥት»፣ ከዚያ ሰባት ወራሾች። ሰባቱ በሦስት አገር ተበትነዋል። ለመሸጥ ሰባቱም መፈረም አለባቸው። ስድስቱ ፈርመዋል።

እዚህ ላይ አያቴ ትዝ አለችኝ። ደሴ ሁለት ቤት ነበራት። ሐምሌ 1967 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንዱ ቤት «ትርፍ» ተባለና ተወሰደ። የቀበሌ ቤት ሆነ። አያቴ ስለ አዋጁ ስታማርር ሰምቻት አላውቅም። ግን ክረምት በመጣ ቁጥር በዚያ በር ስናልፍ ቀና ብላ ታያለች። «አሸንዳው ተነቅሏል» ትለኛለች። በሌላው ዓመት «ቆርቆሮው ዝጓል»። ተከራዩ ቤቱ የእሱ ስላልሆነ አይጠግንም፤ ቀበሌው ኪራዩ ስለማይበቃ አይጠግንም። እሷ ደግሞ መጠገን እየፈለገች መንካት አይፈቀድላትም። ጣሪያ ማየት የተማርኩት ከእሷ ነው፤ ጀርመኖቹ በኋላ ነው የደረሱልኝ።

ወደ ቆጡ ወጣሁ። እንጨቱ ኦክ ነው፤ በብረት ሚስማር ሳይሆን በእንጨት ችንካር የተያያዘ። ሁለት ሦስተኛው ደህና ነው። በሰሜን በኩል ግን የአምስት ወራጅ ጫፍ በእጄ ተፈረፈረ። አንዱን ሸክላ አውጥቼ ገለበጥኩት። በእጅ የተሠራ ነው። ጭቃው እርጥብ እያለ ሠሪው ሦስት ጣቱን ከላይ ወደ ታች ጎትቶበታል፤ ውሃው እንዲወርድ። የራሴን ሦስት ጣቶች ቦዩ ውስጥ አስገባሁ። ልክ ሆኑ። ትንሽ ቆየሁ እዚያ።

ከታች ደግሞ ሌላ ጥፋት አለ። አንድ ሰው ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖታል። ይህን እባካችሁ ልብ በሉ፤ የትም አገር አሮጌ የድንጋይ ቤት ያላችሁ ሁሉ። አሮጌ ግድግዳ በኖራ ነው የሚተነፍሰው። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ከውስጥ እየበላው ይሄዳል።

ወርጄ ለባልደረባዬ ቁርጡን ነገርኩት። የጣሪያውና የግድግዳው ወጪ ከቤቱ ዋጋ ይበልጣል። ቤቱ ግን አልሞተም።

ወረቀቱም ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት የታሪክ ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሻጩ መጀመሪያ ለመንግሥት ማቅረብ አለበት። መንግሥት የመግዛት ቅድሚያ አለው፤ ለመወሰን እስከ 25 ቀን ይሰጠዋል። ይህ ካልተደረገ ሽያጩ ፈራሽ ነው። ባልደረባዬ ጀርመናዊ ስለሆነ መሬቱን በስሙ መግዛት ይችላል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ያለ ዜጋ ግን ቤቱን እንጂ መሬቱን፣ በአገሮቹ መካከል ስምምነት ከሌለ፣ በግል ስሙ መያዝ አይችልም። ሐሳቡ ያላችሁ ሐበሾች መጀመሪያ ጠበቃ ጋ ሂዱ።

የሰባተኛውን ወራሽ መልስ እስክናገኝ ሁለት ቀን ዞርን። ቪስክሪ ሄድን። የዛሬው የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ ልዑል ሳሉ በ2006 ቤት የገዙበት መንደር ነው። ቤቶቹ በኖራ ተቀብተዋል፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ጣሪያው ሁሉ በእጅ የተሠራ ሸክላ ነው። እንደሚቻል ያየሁት እዚያ ነው።

ብራን ቤተ መንግሥት ደግሞ ከብራሾቭ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰዉ የሚጎርፈው ለድራኩላ ተረት ነው። እኔን የያዘኝ ግን የሩማኒያዋ ልዕልት የኢሊያና ታሪክ ነው። የብራሾቭ ከተማ በ1920 ቤቱን ለእናቷ ለንግሥት ማሪያ ሰጠ። ለእሷ በውርስ ደረሳት። በጦርነቱ ጊዜ እዚያ ለቁስለኞች ሆስፒታል አቋቁማ ራሷ አስታመመች። በ1948 ተባረረች። ኋላ መነኮሰች፤ አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የኦርቶዶክስ ገዳም መሠረተች። በ1991 ስታርፍ፣ ስትሰደድ ከቤቱ ግርጌ የዘገነችው አፈር አብሯት ተቀበረ። ቤቱ ለልጆቿ የተመለሰው በ2006 ነው። እሷ አላየችውም።

ብራሾቭ ስንደርስ ባልደረባዬን አንድ ቦታ ውሰደኝ አልኩት። ሽኬይ ሰፈር፣ ቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። ኒኮላዬ ቲቱሌስኩ እዚያ ነው የተቀበረው። ሰኔ 30 ቀን 1936 ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ ሊናገሩ ሲነሱ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኩ። ያኔ ብድግ ብሎ «እነዚህን አረመኔዎች አስወጡ!» ብሎ የጮኸው የሩማኒያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቲቱሌስኩ ነው። በ1941 በስደት ፈረንሳይ አገር ሞተ። አፅሙ የመጣው በ1992 ነው። መቃብሩ ላይ ቆሜ በአማርኛ አመሰገንኩት። ባልደረባዬ ምን እንዳልኩ አልጠየቀኝም፤ እሱም ኮፍያውን አወለቀ።

ማታ ስልክ መጣ። ሰባተኛዋ ወራሽ ልትፈርም ተስማማች። ቢሆንም 25ቱ ቀን ገና አልተጀመረም። ዝናብ ደግሞ ወረቀት አይጠብቅም። «ያንተ ሆነም አልሆነም ያ ቀዳዳ ይሸፈን» አልኩት። ወራሾቹ ፈቀዱ። በማግስቱ ሸራና ጣውላ ገዝተን ተመለስን፤ ሁለት የመንደሩ ወጣቶች አገዙን፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰሜኑን ሁሉ ሸፈንነው።

ስንወርድ እማማ ሳሎን ውስጥ ናቸው። ለዓመታት ከየፍሳሹ ሥር ያስቀመጧቸውን ሳፋዎች አንድ በአንድ እያነሱ ውሃውን አበባው ላይ ይደፋሉ። ባዶዎቹን በረንዳው ላይ ደፏቸው። ከምድጃው አጠገብ ያለችውን ግን አላነሷትም። «እዚህም አያፈስም» አልኳቸው፤ ባልደረባዬ ተረጎመ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳፋዋን በእግራቸው ትንሽ ገፋ አድርገው በትክክል ቦታዋ ላይ አስተካከሏትና ቡና ሊያፈሉልን ሄዱ።