የከባድ መኪና ፍጥነት ከ80 ወደ 90 ይውጣ? አንድን መስመር ቁራጭ በቁራጭ እንዴት እንደመዘንኩት

የከባድ ጭነት መኪና የፍጥነት ወሰን ከፍ ይበል የሚሉ ሰዎች የሚያነሱት ነጥብ ውሃ የሚቋጥር ነው፦ የዛሬ መኪና ፍሬኑም ጎማውም ከድሮው የተሻለ ነው፣ ወሰኑ ግን በድሮው መኪና ልክ እንደተቆረጠ ቀርቷል። የሚቃወሙትም እውነት አላቸው፤ 40 ቶን ሲጋጭ ሕይወቱን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ትንሿ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ነው። ሁለቱም ግን የሚሟገቱት ለሁሉም መንገድ በሚሆን አንድ ቁጥር ላይ ነው። እኔ አንድ ሙሉ መስመር ወሰድኩና ሜዳውን፣ ኩርባውን፣ ቁልቁለቱን ለየብቻ ከፋፈልኩት፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ወሰኑ በሰዓት ከ80 ወደ 90 ኪሎ ሜትር ቢወጣ ምን እንደሚገኝና ምን እንደሚታጣ አሰላሁ። መለኪያ አድርጌ የያዝኩት 16.5 ሜትር ርዝመትና 40 ቶን ክብደት ያለው ሳቢና ተሳቢ ነው። ሥራው ሜትር፣ ሰዓት መያዣና የስልክ ካልኩሌተር ካለ ማንም የሚደግመው ነው።

አሁን ያለው ፍጥነት

ከሁሉ በፊት የሚለካው መኪኖቹ ዛሬ የሚሄዱበት ፍጥነት ነው። ቀጥ ባለ ቦታ 200 ሜትር ለክቼ ሁለቱን ጫፎች ምልክት አደረግሁባቸው። ይህን ርቀት በ9 ሰከንድ የሚጨርስ መኪና በ80፣ በ8 ሰከንድ የሚጨርስ በ90 እየሄደ ነው። 100 ሜትር ላይ መለካት ፈታኝ ነው፤ ጣት 0.2 ሰከንድ ብትዘገይ ወይም ብትቀድም ስህተቱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጠጋል፣ በ200 ሜትር ግን በግማሽ ይቀንሳል። የሚቆጠረው ከፊቱ ካለው ተሽከርካሪ ቢያንስ 5 ሰከንድ የራቀ መኪና ብቻ ነው። ሌላው የሚሄደው በራሱ ፍጥነት ሳይሆን በፊተኛው ነው። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ 100 መኪና ያስፈልጋል፤ የተጫነውና ባዶው ለየብቻ ይመዘገባል። የሚለካው ሰው ከመንገዱ መታየት የለበትም፤ ሹፌር ዳር ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው ሲያይ እግሩን ያነሳል፣ ቁጥሩም ይበላሻል።

ፍጥነቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሬ ከመቶው 85ኛውን ወሰድኩ። እሱ 72 ከሆነ መኪኖቹን የያዛቸው ዳገቱ፣ መጨናነቁ ወይም አስፋልቱ ነው፤ እዚያ ላይ ምልክት መቀየር ቀለም ማባከን ነው። ከመስመሩ ቀላል የማይባል ክፍል በዚህ በመጀመሪያው ወንፊት ብቻ ከክርክሩ ወጣ።

ጊዜና ናፍጣ

100 ኪሎ ሜትር በ80 ለመጨረስ 75 ደቂቃ፣ በ90 ደግሞ 66 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። ትርፉ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ይህ ግን መንገዱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሲሆን ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር ካለው መስመር መኪናው በወሰኑ ልክ የሚሄደው 180ው ላይ ብቻ ከሆነ የሚተርፈው 15 ደቂቃ ነው። 15 ደቂቃ መራገፊያ በር ላይ ወረፋ ካለ ትጠፋለች። ዋጋ የሚኖራት የሥራ ሰዓት ሕግን ድንበር ስታሻግር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ያርፋል። በ80 አማካይ ፍጥነት ከእረፍቱ በፊት 360 ኪሎ ሜትር፣ በ90 ደግሞ 405 ይደርሳል። ማራገፊያው 390ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ በሰዓት የ10 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ልዩነት አንድ ሙሉ እረፍት ያስቀራል፤ 300ኛው ላይ ከሆነ ምንም አያስቀርም። ስለዚህ «ጊዜ ይቆጥባል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የምጠይቀው መነሻና መድረሻውን ነው።

ናፍጣው በሜዳ ላይ እንዲህ ይሰላል። የጎማው መንከባለል የሚፈጥረው ተቃውሞ በሁለቱም ፍጥነት ወደ 2,350 ኒውተን ነው። የአየሩ ግን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ በ80 ከ1,780 ገደማ ተነስቶ በ90 ወደ 2,250 ይወጣል። ከናፍጣው ጉልበት 40 በመቶው ጎማ ላይ ይደርሳል ብለን ብንይዝ በ100 ኪሎ ሜትር 28.7 ሊትር የነበረው 32 ሊትር ይሆናል። 8 ደቂቃ በ3.3 ሊትር እየተገዛ ነው ማለት ነው። ባለንብረቱ ይህን ሒሳብ ሲያይ ብዙ ጊዜ ወሰኑ ቢፈቅድለትም መኪናውን 85 ላይ ማሰርን ይመርጣል።

ማቆም

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የ40 ቶን መኪና የእንቅስቃሴ ጉልበት በ80 ወደ 9.9 ሜጋጁል፣ በ90 ደግሞ 12.5 ሜጋጁል ነው። ፍጥነቱ በ12.5 በመቶ ጨምሮ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መቀየር ያለበት ጉልበት በ27 በመቶ ገደማ ያድጋል።

ለማቆሚያ ርቀት ሹፌሩ አይቶ እግሩን እስኪያነሳ 1.5 ሰከንድ፣ ፍሬኑን የሚገፋው የታመቀ ንፋስ በቱቦው ሄዶ የፍሬኑን ሸራ እስኪያስነክስ 0.5 ሰከንድ ያዝኩ። የፍሬኑን ጉልበት በሴኮንድ ካሬ 5 ሜትር አደረግሁት፤ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 13 የፍሬን ደንብ ከባድ ጭነት መኪና በፈተና ማሳየት ያለበት ዝቅተኛው ልክ ይህ ነው። በ80 መኪናው በ94 ሜትር ይቆማል፣ በ90 በ112.5 ሜትር። ልዩነቱን «18 ሜትር ብቻ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በሌላ በኩል ግን እንየው፦ በ80 የሚሄደው መኪና ፈጽሞ በቆመበት ቦታ ላይ በ90 የመጣው ገና በ49 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄደ ነው። ሰልፍ ይዘው ከቆሙ መኪኖች ጀርባ 40 ቶን በ49 ሲደርስ ምን እንደሚሆን መግለጫ አያሻውም። አስፋልቱ ረጥቦ የፍሬኑ ጉልበት ወደ 3.5 ከወረደ ርቀቶቹ 115 እና 139 ሜትር ይሆናሉ።

ልብ መባል ያለበት ቁጥሩ 5 የሆነው ፍሬኑ ሲስተካከል ነው። በታምቡር ፍሬን በብዛት የሚገኘው ቁጥር 30 ቻምበር (የንፋሱን ግፊት ወደ ፍሬኑ የሚያስተላልፈው ክፍል) ዘንጉን በጠቅላላ የሚገፋው 64 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የመንገድ ዳር ፍተሻ ላይ ግፊቱ ከ51 ካለፈ ፍሬኑ ከልክ ወጥቷል ይባላል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው እሱን ለማግኘት ይበልጥ መሄድ አለበት፣ የቀረችው ጥቂት ሚሊ ሜትር ደግሞ ወዲያው ታልቃለች። የንፋስ ፍሬን ክፉ ጠባዩ ፔዳሉ ይህን ለሹፌሩ አለመንገሩ ነው፤ እግሩ ሥር የሚሰማው ስሜት እንደ ወትሮው ነው። ስለዚህ ወሰን የሚቆረጠው በፋብሪካ መግለጫው ሳይሆን በሕግ መንገድ ላይ መውጣት በተፈቀደለት በመጨረሻው ደካማ ፍሬን ልክ መሆን አለበት። በዘመናዊ ዲስክ ፍሬን የሚሟገት ሰው ከኋላው የተጎተተውን ያረጀ ተሳቢም አብሮ ማስላት ይኖርበታል።

ቁልቁለት

6 በመቶ ቁልቁለት ላይ 40 ቶን መኪናን ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል 23,500 ኒውተን ያህል ነው። የጎማና የአየር ተቃውሞ ተቀንሶ ፍጥነቱን ሳይጨምር ለመውረድ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት 230 ኪሎዋት፣ በ80 ወደ 430፣ በ90 ደግሞ 473 ኪሎዋት መምጠጥ ያስፈልጋል። የጥሩ የሞተር ፍሬን ጉልበት ከ300 ኪሎዋት ሊያልፍ ይችላል፣ ያውም ማርሹ ወርዶ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር። በ40 የሚወርድ መኪና የእግር ፍሬን ሳይነካ ይወርዳል። በ90 የሚወርደው ከ170 ኪሎዋት በላይ በሸራው ላይ ይጭናል። ሪታርደር፣ ማለትም ያለ ሸራ መኪናውን የሚያዘገይ ተጨማሪ መሣሪያ፣ ያለውም ቢሆን ሙቀቱን የሚያወጣው በራዲያተር ስለሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል።

5 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ላይ የሚወጣው ጠቅላላ ሙቀት በዝግታም በፍጥነትም ያው ወደ 100 ሜጋጁል ነው። ልዩነቱ በ40 የሚወርደው 450 ሰከንድ፣ በ90 የሚወርደው 200 ሰከንድ ብቻ የማቀዝቀዣ ጊዜ ማግኘቱ ነው።

የፍጥነት መገደቢያ እዚህ ላይ አያድንም። የተለመደው መገደቢያ ናፍጣ ይቆርጣል እንጂ ፍሬን አይዝም፤ ቁልቁለት ላይ ስበቱ መኪናውን 90ን አሳልፎ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ከ4 በመቶ በላይ የሆነና ከ1 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቁልቁለትን በሙሉ ከጭማሪው አወጣሁ፤ አንዳንዱ ላይ እንዲያውም 80ውም መውረድ ነበረበት።

ኩርባ

የኩርባን ስፋት ያለ ካርታ መለካት ይቻላል። በውስጠኛው ጠርዝ ላይ 30 ሜትር ገመድ ቀጥ አድርጎ መወጠርና መሐሉ ላይ ከገመዱ እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት መለካት ነው። 900ን ለዚያ ርቀት ስምንት እጥፍ ማካፈል የክቡን ራዲየስ ይሰጣል፤ 75 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ራዲየሱ 150 ሜትር ነው። በዚህ ኩርባ ላይ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል በ80 የስበትን 0.34፣ በ90 ደግሞ 0.42 ያህላል። መንገዱ ወደ ውስጥ 6 በመቶ ካዘነበለ ከሁለቱም 0.06 ገደማ ይቀነሳል። ጭነቱ ከፍ ብሎ የተጫነ መኪና ወይም ግማሽ የሞላ ቦቴ ከ0.3 እስከ 0.4 ባለው ውስጥ ሊገለበጥ ይችላል። 300 ሜትር ራዲየስ ላይ ግን በ90ም 0.21 ብቻ ነው። እኔ 300ን ዝቅተኛ ልክ አድርጌ ያዝኩ።

መቅደም

ለጭማሪው ከሚቀርቡት ምክንያቶች በጣም የተደባለቀው ይህ ነው። በ100 የሚሄድ ቤት መኪና በ80 የሚሄደውን ከፊትና ከኋላ 30 ሜትር እየተወ ለመቅደም ወደ 15 ሰከንድና 405 ሜትር ይፈልጋል። ከፊት በ100 የሚመጣ ካለ 810 ሜትር መታየት አለበት ማለት ነው። ከባዱ መኪና 90 ቢሄድ ጊዜው 29 ሰከንድ፣ የሚያስፈልገው እይታ 1.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የመቅደም ፍላጎት ይቀንሳል፣ የሚደፍረው ሰው አደጋ ግን በእጥፍ ያድጋል። የመሐል አካፋይ በሌለው መንገድ ላይ ይህ ልውውጥ አይጥመኝም።

አካፋይ ባለበት መንገድ ችግሩ ሌላ ነው፦ ከባዱ ከባዱን ሲቀድም። ሁለት መኪኖች መገደቢያቸው እኩል 90 ላይ ቢታሰርም የአንዱ ጎማ ጥርስ 12 ሚሊ ሜትር ካለቀ ሰዓቱ 90 ሲል መኪናው የሚሄደው ወደ 88 ነው። አዲስ ጎማ ያለው እሱን ለመቅደም በሰዓት በ2 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ልዩነት 167 ሰከንድና ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ግራውን መስመር ይይዛል። ወሰኑ ከመገደቢያው ጋር እኩል በሆነበት ሁሉ ይህ ይመጣል። ስለዚህ 90 በተፈቀደበትና በየአቅጣጫው ሁለት መስመር ባለው መንገድ ላይ ለከባድ መኪና መቅደም መከልከል አብሮ መታወጅ አለበት።

ጎማን በተመለከተ አጭር ነው፦ ከጎኑ የተጻፈው የፍጥነት ፊደል ይነበብ። ጄ 100፣ ኬ 110፣ ኤል 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከባድ ማሽን በሚጭኑ ዝቅተኛ ተሳቢዎች ላይ ግን ኤፍ፣ ማለትም 80፣ ወይም ጂ፣ ማለትም 90፣ ይገኛል። እነዚህ ከጭማሪው ውጭ ናቸው።

ሌሎች ምን አደረጉ

እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2015 ከ7.5 ቶን በላይ ለሆኑ መኪኖች አካፋይ በሌለው መንገድ ከ40 ወደ 50 ማይል፣ አካፋይ ባለው ከ50 ወደ 60 ማይል ከፍ አደረጉ። ጀርመን በገጠር መንገድ ለእንዲህ ዓይነቱ ክብደት እስከ አሁን 60 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ለእኔ የሚያስተምረው የጃፓን ነው። በኤፕሪል 2024 የሹፌሮች ትርፍ ሰዓት በዓመት 960 ሰዓት ላይ ሲታጠር በፈጣን መንገድ ላይ የትላልቅ ጭነት መኪኖችን ወሰን ከ80 ወደ 90 አወጡ። ከዚያ በፊት ከ2003 ጀምሮ መኪኖቹ 90 ላይ የሚያስር መገደቢያ ነበራቸው፤ ተሳቢ የሚጎትቱት ደግሞ 80 ላይ ቀሩ። መንገዱም የመኪናው ዓይነትም ተለይቷል።

የሞትን ሒሳብ ለመገመት የስዊድናዊውን የጎራን ኒልሰንን ቀመር ተጠቀምኩ፤ ገዳይ አደጋ ከአማካይ ፍጥነት አራተኛ ኃይል ጋር ያድጋል ይላል። አማካዩ ከ80 ወደ 84 ቢወጣ 22 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው። ቀመሩ የተሠራው ለሁሉም ትራፊክ በአንድነት ስለሆነ የከባዶቹ ብቻ ሲቀየር ልኩን ሳይሆን አቅጣጫውን ነው የሚነግረን፤ አቅጣጫው ግን አያጠራጥርም።

የቀረው

ከወንፊቱ ያለፉት አካፋይ ያላቸው፣ ከ4 በመቶ የሚበልጥ ረጅም ቁልቁለት የሌለባቸው፣ ኩርባቸው ከ300 ሜትር የሰፋና ዛሬም ከመቶ 85ኛው መኪና 80ን የሚነካባቸው ቁራጮች ናቸው። እዚያ 90ን እደግፋለሁ፤ ሌላው ቦታ አልደግፍም። ከ5 ኪሎ ሜትር የሚያጥር ቁራጭ ቢያልፍም ተውኩት፣ ትርፉ 25 ሰከንድ ብቻ ሆኖ ሹፌሩን በምልክት ብዛት ያደክማል።

የዝቅተኛው ወሰን ምልክት የሚተከልበት ቦታ ከቁጥሩ እኩል ያስጨንቃል። በሞተር ፍሬን ብቻ ከ90 ወደ 50 ለመውረድ በሜዳ ላይ ከ430 ሜትር በላይ ይጠይቃል። ምልክቱ አፋፉ ላይ ከተተከለ ሹፌሩ ማርሽ የሚቀንሰው መኪናው ቁልቁል መሮጥ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያኔ ማርሹ አልገባ ይልና መኪናው በዜሮ ማርሽ ይወርዳል። የመጀመሪያው ምልክት ከአፋፉ ቢያንስ 500 ሜትር ቀድሞ፣ ሁለተኛው ከአፋፉ በፊት፣ የቁልቁለቱ መቶኛና ርዝመት ከሥሩ ተጽፎ ይተከል። ከተተከለ ከዓመት በኋላ በዚያው 200 ሜትር ላይ በዚያው መንገድ እንደገና መለካት ይገባል፤ ከመቶ 85ኛው መኪና 90ን አልፎ ከተገኘ ወሰኑ ወደ 80 ይመለስ።