60 ፈረስ ቆጥሬ ያጣሁት የምርምር ድጋፍ

የመጀመሪያው ፕሮፖዛሌ ውድቅ ሲሆን የገምጋሚዎቹን አስተያየት ለሁለት ቀን አልከፈትኩትም። ጥያቄዬ ጥሩ ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው የማምነው። የፈረስ የሆድ ትላትል ኢቨርሜክቲን የተባለውን የትል መድኃኒት ምን ያህል ተላምዷል? መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ፋንድያ ወስዶ የትል እንቁላል መቁጠር፣ ከ14 ቀን በኋላ ደግሞ መድገም። በደንብ ካልቀነሰ መድኃኒቱ እየከሸፈ ነው።

በሦስተኛው ቀን አነበብኩት። የጣለኝ የናሙና ብዛት ነው። 60 ፈረስ ብዬ ነበር፣ ሁሉም ከሦስት ጋጣ። በአንድ ጋጣ ያሉ ፈረሶች የሚግጡት አንድ መስክ ላይ ነው፤ መድኃኒትም የሚሰጣቸው አብረው ነው። ስለዚህ የአንዱ ትል የጎረቤቱም ትል ነው። ስሌቴ ግን ሁሉንም ለየብቻ ቆጥሯቸዋል። ሌላም ነገር አለ። ከመንጋው 20 በመቶ የሚሆኑት ፈረሶች 80 በመቶ ገደማ የሚሆነውን እንቁላል ይጥላሉ። ገና ከጅምሩ ምንም እንቁላል የማይታይበት ፈረስ ለዚህ ፈተና አይሆንም። አስቀድሞ ቆጥሮ መምረጥ ያስፈልጋል።

ስታቲስቲክስ ከሚያውቅ ባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን ከብዙ ጋጣ ጥቂት ጥቂት ፈረስ አደረግነው። የመጀመሪያውን ፕሮፖዛል ከመጻፌ በፊት ላማክረው ይገባኝ ነበር።

በጀቱም ተገለባበጠ። አዲስ ማሽን ጠይቄ ነበር፤ የክፍላችን ማይክሮስኮፕ ይበቃ ስለነበር አወጣሁት። የመጓጓዣው ወጪ ጨመረ። የድጋፍ ጥሪው ደንብ የዩኒቨርሲቲውን የአስተዳደር ወጪ እንደማይሸፍን በግልጽ ይናገር ነበር፤ እኔ ግን አካትቼዋለሁ። የጥሪውን ደንብ እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ እባካችሁ።

የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃድም ተጓድሎ ነበር። ፋንድያ ከመሬት ለማንሳት ምን ፈቃድ ያስፈልጋል ብዬ ነበር። ግን መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ፈረሶቹም የሰው ናቸው። የባለቤቶቹን የስምምነት ቅጽ አዘጋጀሁ፤ በፈለጉ ጊዜ ፈረሳቸውን ማስወጣት እንደሚችሉ ይላል። መድኃኒቱን በነጻ የሰጠኝን አምራችም በሁለተኛው ፕሮፖዛል ላይ ገለጽኩ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ማሳተም እንደምችል በጽሑፍ ፈረሙልኝ።

ሁለተኛው አለፈ። የተፈቀደው ገንዘብ ከጠየቅኩት አነሰ። ከጋጣዎቹ አንድም አልቀነስኩም፤ የኮንፈረንስ ጉዞዬን ሰረዝኩ።